ለመኪናዎ ቴፕና ስፒከር ሲመርጡ፦ ከስክሪኑ በፊት ሽቦውን ይጠይቁ

ካሴት የሚያጫውት መኪና ከመንገድ ከጠፋ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ አልጠፋም። ዛሬም ሰው ወደ ሶማሌ ተራ ሲሄድ የሚያስገጥመው ሰፊ ስክሪን ሆኖ ሳለ «ቴፕ ላስገጥም ነው» ይላል። እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

ወዳጆቼ መኪናቸው ላይ ቴፕ ሊቀይሩ ሲያስቡ የሚጠይቁኝ «የትኛው ማርክ ይሻላል?» ብለው ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ቴፑ ከመኪናው ሽቦ ጋር የሚገናኘው በምንድን ነው? ይህን ያስተማረኝ የራሴ ኮሮላ ነው። አዲስ ቴፕና አራት አዲስ ስፒከሮች ገዝቼ አንድ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኋት። የፋብሪካውን ሶኬት ቆርጦ ጣለው፤ ሽቦውን ከሽቦ ጠመዘዘ፤ ናስትሮ ጠቀለለበትና በአርባ ደቂቃ ውስጥ ጨረሰ። ፍጥነቱን አድንቄ ከፍዬ ወጣሁ። ከስምንት ወር በኋላ መኪናዬ አዳማ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታት ዋለ። ማታ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ የግራው ድምፅ ይቆራረጥ ጀመር፤ ሞጆ ሳልደርስ አራቱም ስፒከሮች ጸጥ አሉ። ዳሽቦርዱ ሲፈታ የናስትሮው ሙጫ ቀልጦ ከሽቦው ላይ ተንሸራትቶ አገኘነው። ራቁቱን የቀረው የስፒከር ሽቦ የቴፑን ብረት ማቀፊያ ነክቶ የድምፅ ቺፑን አቃጥሎታል። ቴፑ ጥሩ ነበር፤ ስፒከሮቹም ጥሩ ነበሩ። ያጠፋቸው የመገናኛው ነገር ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ በእጃችን ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ለብዙ ዓመት እንነዳታለን። ሽቦዋን መቁረጥ ቀላል ነገር ተደርጎ መታየት የሌለበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ሶኬት ወይስ ቆርጦ መቀጠል?

በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ከቴፑ ጀርባ ሁለት ሶኬቶች ይገኛሉ። ባለ አሥር ቀዳዳው ኤሌክትሪኩንና የፊት ስፒከሮችን ይይዛል፤ ባለ ስድስቱ የኋላ ስፒከሮችን። ለእነዚህ ሶኬቶች የሚሆን ማስተላለፊያ ሶኬት በገበያ ይገኛል። አንዱ ጫፉ ቶዮታው ላይ ይሰካል፣ ሌላው ጫፉ ከአዲሱ ቴፕ ሽቦዎች ጋር ይያያዛል። የመኪናው ሽቦ አንድም ቦታ አይቆረጥም።

ያለዚህ ሶኬት የሚሠራ ሰው የሚገባበትን ወጥመድ ልንገርዎ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህ ይሁን። ከገበያ የሚገዛው ቴፕ የሽቦ ቀለም በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው። ቢጫው ሁልጊዜ 12 ቮልት የሚያገኝ፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር የሚበራ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ስፒከር ነው፤ ጥቁር መስመር ያለበት ጥንዳቸው የየስፒከሩ ኔጌቲቭ ነው። ቶዮታ ግን የራሱ ቀለም አለው። በብዙ ሞዴሎቹ ቋሚው 12 ቮልት ሰማያዊ ከቢጫ መስመር ጋር፣ በቁልፍ የሚበራው ግራጫ፣ ኔጌቲቩ ቡናማ ነው። ታዲያ በቶዮታው ሶኬት ላይ የሚያዩት ጥቁርና ቢጫ ምንድን ነው? የኋላ ግራ ስፒከር። ቀይና ነጩስ? የኋላ ቀኝ ስፒከር። ቀለም ከቀለም እያጣመደ የሚሠራ ሰው የቴፑን የኤሌክትሪክ መግቢያ ሽቦዎች ከስፒከር ጋር ያጋባል፤ ግራጫን ከግራጫ ሲያጣምድ ደግሞ 12 ቮልቱን በቀጥታ ወደ ቴፑ የስፒከር መውጫ ይልከዋል። ቴፑ አንዴ እንኳ ሳይዘፍን ይሞታል።

መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነች ደግሞ የቀለሙን ሠንጠረዥ ጭራሽ አይመኑ። መሪው ሲዛወር ሽቦ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ በተገኘው ቀለም ይራዘማል። የሚታመነው ቮልት የሚለካው መሣሪያ፣ መልቲሜትር ብቻ ነው። ቁልፉ ወጥቶ ሳለ 12 ቮልት የሚያሳየው ሽቦ ቋሚው ነው፤ ቁልፉ አንድ ደረጃ ሲዞር ብቻ 12 የሚያሳየው የቁልፉ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አሥሮ ቋሚው ላይ የሚያገናኝ ሠራተኛ አለ፤ ባትሪዎ እየቆየ ይደክማል። ሁለቱንም ቁልፉ ላይ ቢያገናኝ ደግሞ መኪናው በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና የመረጧቸው ጣቢያዎች ይጠፋሉ።

የማስተላለፊያ ሶኬቱ ዋጋ ከቴፑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሚዛን የለኝም፤ ሶኬቱን ይግዙ። ለመኪናዎ የሚሆን ከጠፋና መቁረጥ ግድ ከሆነ፣ መገጣጠሚያው በሊድ ተበይዶ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ ይልበስ፤ ወይም በትክክለኛው ፒንሳ የሚጨመቅ የብረት ማያያዣ ይሁን። ናስትሮ ሽቦዎችን በአንድነት ለመጠቅለል ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን መገጣጠሚያ አይሆንም። ሲቆረጥም ከሶኬቱ ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ፣ ሶኬቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ይዞ እንዲቀር ይቆረጥ። ነገ ወደ ቦታው የሚመልሰው ሰው ያመሰግንዎታል።

ሦስቱ የቴፕ ምርጫዎች

የመጀመሪያው ምርጫ የፋብሪካውን ማቆየት ነው። ሬዲዮ ብቻ ለሚሰማ ሰው ይህ የሚናቅ ምርጫ አይደለም። ችግሩ መኪናዋ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ስትሆን ይመጣል። የቆየ የጃፓን ሬዲዮ ኤፍኤምን የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው፤ እኛ የምንሰማቸው ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። ሬዲዮው አልተበላሸም፤ የተሠራው ለሌላ አገር አየር ነው።

መፍትሔው በአንቴናው መሰኪያና በሬዲዮው መካከል የምትገባ ትንሽ መቀየሪያ ናት፤ ሞገዱን ወደ ታች ታወርደዋለች። ሲገዙ ስንት ሜጋኸርዝ እንደምታወርድ ይጠይቁ። 20 የምታወርደው ሸገርን 82.1 ላይ፣ ኤፍኤም አዲስን 77.1 ላይ፣ አፍሮ ኤፍኤምን 85.3 ላይ ታስቀምጥልዎታለች። 14 የምታወርደውን ከወሰዱ ግን 105.3 ወደ 91.3 ይወርድና ከሬዲዮው ጣሪያ በላይ ይቀራል። ባለ 20ዋም ጉድለት አላት፤ ከ96 በታች ያሉ ጣቢያዎች ከወለሉ በታች ይወድቃሉ። ድምፁም ትንሽ ሹክሹክታ ይጨምራል። ርካሽና ፈጣን ናት፤ ዳሽቦርዱ እንደ ፋብሪካው ይቆያል። ስልክ ማገናኘት የማይፈልግ ሰው ከዚህ በላይ ማውጣት አይገባውም።

ሁለተኛው ምርጫ የታወቀ የድምፅ ዕቃ አምራች የሠራው ተራ ቴፕ ነው፤ ፓዮኒር፣ ኬንውድ፣ ሶኒ የመሳሰሉት። ብሉቱዝ፣ ዩኤስቢ፣ ሙሉ የኤፍኤም መስመር አለው። እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚውለው ሬዲዮው ምልክት በሚይዝበትና ድምፁ በሚጎላበት ክፍል ላይ ነው። ከጀርባው ለአምፕሊፋየር (ለብቻው የሚገጠም የድምፅ ማጉያ) የሚሆን መውጫ ስለሚኖረው ነገ ማሳደግ ቢያምርዎት መንገዱ ክፍት ነው።

ሦስተኛው የአንድሮይድ ስክሪን ነው። አሁን በየመኪናው የሚገባው ይህ ነው፤ ለምን እንደተወደደም ይገባኛል። የኋላ ካሜራ ያሳያል፣ ካርታ ይከፍታል፣ ዳሽቦርዱን አዲስ ያደርገዋል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ልጆች በሚሯሯጡበት ለሚያቆም ሰው ካሜራው ብቻውን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። ሆኖም በርካሾቹ ላይ የማያቸው ድካሞች አሉ። ሬዲዮው ከተራው ቴፕ ያነሰ ምልክት ይይዛል፤ 1 ወይም 2 ጊጋባይት ማስታወሻ (ራም) ያለው ካርታና ሙዚቃ አብረው ሲከፈቱ ይንቀረፈፋል፤ መኪናው ከጠፋ በኋላ «እንቅልፍ» በሚሉት ሁኔታ ሆኖ ከባትሪው መምጠጡን ይቀጥላል። መኪናዎን ለሳምንት አቁመው የሚጓዙ ከሆነ ይህን ከግምት ያስገቡ፤ በማስተካከያው ውስጥ እንቅልፉን የሚያጠፋ ምርጫ ካለም ያጥፉት። ከወሰዱ 4 ጊጋባይት ያለውን ይውሰዱ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ምርጫ ላይ አንድ የሚረሳ ሰማያዊ ሽቦ አለ። አንቴናቸው መስታወት ውስጥ የተቀበረ ወይም ጣሪያ ላይ አጭር የሆነ ብዙ መኪናዎች የአንቴና ማጠናከሪያ አላቸው፤ ማጠናከሪያውም 12 ቮልት ይፈልጋል። የሚሰጠው ከቴፑ የሚወጣው ሰማያዊ ሽቦ ነው። ሳይገናኝ ከቀረ አዲሱ ቴፕ ከአሮጌው ያነሰ ጣቢያ ይይዛል፤ ባለቤቱም ዕቃው የውሸት ነው ብሎ ሻጩን ይወቅሳል። ከመውቀስ በፊት ሰማያዊውን ይፈልጉ።

ስፋቱንም ይለኩ። ተራው ባለ ሁለት ደረጃ ቴፕ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ የቶዮታ ቀዳዳ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ግራና ቀኝ የሚሞላ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ለቶዮታ ተብሎ በ20 ሴንቲ ሜትር የተሠራም አለ።

ስፒከር፦ በካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አይመኑ

ቴፑ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ይጻፋል። የኤሌክትሪክ ሕግ ግን ይህን አይፈቅድም። ሞተሩ እየሠራ መኪናው የሚሰጠው 14 ቮልት ያህል ነው፤ በዚህ ቮልት 4 ኦም (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) ስፒከር ላይ ሳይንሻፈፍ ያለማቋረጥ የሚወጣው ኃይል ለአንድ ስፒከር ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም። 50 የተባለው ለቅጽበት የሚዘል ጫፍ ነው። ስፒከሩ ላይ የተጻፈው 300 ዋትም እንዲሁ።

ስለዚህ አምፕሊፋየር ለማይገዛ ሰው ከዋት ይልቅ የሚጠቅመው ስፒከሩ በዲሲቤል የሚገልጸው ቁጥር ነው፤ በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮኽ የሚነግር። 92 ዲሲቤል የሆነው ስፒከር 89 ከሆነው ጋር እኩል ለመጮኽ የሚበቃው ግማሽ ኃይል ነው። በሌላ አነጋገር ትክክለኛውን ስፒከር መምረጥ የቴፑን ኃይል በእጥፍ እንደማሳደግ ነው፤ ያለ ተጨማሪ ሽቦ።

ኦሙም ይታይ። አብዛኛው ቴፕ የሚፈልገው 4 ኦም ነው። ለአንድ መውጫ ሁለት 4 ኦም ስፒከሮችን ጎን ለጎን ማገናኘት ጭነቱን ወደ 2 ኦም ያወርደዋል፤ ቴፑ ይሞቃል፣ ራሱን ያጠፋል ወይም ይቃጠላል። ከዚህ የባሰው ስሕተት ሽቦ ለመቆጠብ የስፒከሮችን ኔጌቲቭ በአንድ አሥሮ ከመኪናው አካል ጋር ማገናኘት ነው። በጥንት ቴፖች ይህ ይሠራ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ስፒከሩን የሚነዱት በሁለቱም ሽቦ ነው፤ «ኔጌቲቭ» የተባለውም የራሱ ቮልቴጅ አለው። የመኪናውን ብረት ሲነካ የእኔ ኮሮላ ላይ የደረሰው ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት የራሱ ሽቦ፣ ከቴፑ እስከ በሩ።

ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) መሃሉ ላይ የተሠራለት ስፒከር ወይስ ትዊተሩ የተለየ? የተለየው ትዊተር ወደ ጆሮ ከፍታ ስለሚወጣ የዘፋኙ ድምፅ ከእግር ሥር ሳይሆን ከፊት ለፊት ይመጣል። ገጠማው ግን ረዘም ይላል። ገንዘብዎ ውስን ከሆነ አራት ርካሽ ስፒከር ከመግዛት ሁለት ጥሩ ለፊት በሮች ይግዙ፤ የኋላዎቹን የፋብሪካ ይተዉ። ሾፌር የሚሰማው የፊቱን ነው።

በሩ ሲፈታ ከውስጥ የተለጠፈውን ፕላስቲክ ቀዶ ሳይመልስ የሚዘጋ ሠራተኛ ያጋጥማል። ያ ፕላስቲክ የዝናብ ውኃ ወደ ስፒከሩና ወደ በሩ ጨርቅ እንዳይመጣ ይከላከላል። እንዲመለስ ይጠይቁ፤ ቆመው ይዩም። ስፒከሩም ከበሩ ብረት ጋር ክፍተት ሳይኖር በቀለበት ተደግፎ መግጠም አለበት፤ ክፍተት ካለ የጀርባው አየር ከፊቱ ጋር ይገናኝና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ከበሮው የማይሰማ ውድ ስፒከር ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ነው።

አምፕሊፋየር ይጨመር?

ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ የሚንሻፈፍብዎ ከሆነ፣ ወይም ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) የሚፈልጉ ከሆነ አዎ። ከዚያ ውጭ ለከተማ መንገድ አያስፈልግም። ከጨመሩ ወጪው ዕቃው ብቻ አይደለም። አራት መውጫ ያለውና ለእያንዳንዱ እውነተኛ 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ከባትሪው ቀጥታ የሚመጣ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል የመዳብ ገመድ ይፈልጋል። ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ፊውዝ መግባት አለበት። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመዱ ከኮፈኑ ሥር ወደ ውስጥ በሚገባበት ብረት ላይ ቢላጥ እሳት እንዳይነሳ። ፊውዝ አያስፈልግም የሚልዎ ሰው ዘንድ መኪናዎን አይተዉ።

የድምፁን ገመድ በአንድ ጎን፣ የኤሌክትሪኩን በሌላው ጎን ያስኪዱ። አብረው ከሄዱ፣ ወይም ኔጌቲቩ ቀለም ባልተፋቀ ብረት ላይ ከታሠረ፣ ነዳጅ በረገጡ ቁጥር ከሞተሩ ጋር የሚቀጥን ፉጨት ይሰማሉ።

ገመዱ ራሱ

በገበያ ላይ መዳብ የሚመስል በውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ብዙ ነው። ከእውነተኛው መዳብ ይቀልላል፤ አንዱን ክር በምላጭ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ይሆናል። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ከመዳብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ ከገዙት ወፈር ያለውን ይግዙ። ለስፒከር ከ1 እስከ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይበቃል። በጣም ቀጭኑ 0.3 ግን ወደ ኋላ በር አምስት ሜትር ሄዶ ሲመለስ 0.57 ኦም ይወስዳል፤ ከ4 ኦም ላይ ይህ ብዙ ነው። የቤት መብራት መሥመር የሚዘረጋበትን ባለ አንድ ክር ሽቦ መኪና ውስጥ አይጠቀሙ፤ በመንቀጥቀጥ ይሰበራል።

በገጠማው ቀን

ከሁሉ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታ። በቢጫ ሽፋን የተጠቀለሉ ሽቦዎችና ቢጫ ሶኬቶች የኤርባግ ስለሆኑ አይነኩ። መኪናዎ የኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ወፍራም ገመዶች ከፍተኛ ቮልት ስለሚይዙ ከአጠገባቸውም መሥራት የለብዎትም፤ ድምፁን የሚያንቀሳቅሰው 12 ቮልት ሌላ ነው።

የትኛው የስፒከር ሽቦ ፖዘቲቭ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ተራ 1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይበቃል። ቴፑ ከሽቦው ተነቅሎ ሳለ ሁለቱን ጫፍ ባትሪው ላይ ለቅጽበት ያስነኩ። የስፒከሩ ገጽ ወደ ውጭ ከገፋ የባትሪውን ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ ተገልብጧል። አንዱ ስፒከር እንኳ ተገልብጦ ቢገጠም ሁለቱ ይጮኻሉ፣ ቤዙ ግን እርስ በርሱ ተጣጥሎ ይጠፋል። መሰማት መቻሉ ማረጋገጫ ስላልሆነ በአራቱም ላይ ይህን ያድርጉ።

ዳሽቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ተቀምጠው ይፈትኑ። የሚያውቁትን ዘፈን ያጫውቱ፤ ሚዛኑን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ እያዞሩ እያንዳንዱ በር በቦታው ይሰማ እንደሆነ ይለዩ። ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ረገጥ ያድርጉ፤ ፉጨት ካለ አሁኑኑ ይሰማል። ቁልፉን አውጥተው መልሰው ያስገቡ፤ ሰዓቱ ከጠፋ ቢጫው ቦታው ላይ አይደለም። ሠራተኛው ቢቸኩልም ክፍያው የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። የወጣውን የፋብሪካ ቴፕ ከነብረት ማቀፊያው፣ ከነብሎኖቹ ይቀበሉትና በጨርቅ ጠቅልለው ቤት ያስቀምጡ።